ተለጣፊ አያርስም

የሰፈራችን ሰዎች እንደሚነግሩን ጻካኔ ማለት በጾንጋ ቋንቋ ደስ መሰኘት ማለት ነው። በአንድ ብርዳማ የሐምሌ ምሽት ግን ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ደስታ የሚባል ነገር አልነበረም። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ አዲስ በተገዛለት ላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ የምናገረው ጠፍቶኛል። ላፕቶፑ የተገዛው በእቁብ ገንዘብ ነው። አሥር ወር ሙሉ ጥለን፣ ዕጣው ሲደርሰን ከዚያ ላይ 7,500 ራንድ ለልጁ ቆርጠን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማ ወርጄ አንድ ሱቅ ገባሁ፤ የሱቁን ስም አልጠራም፣ እንዲህ የሚያደርገው እሱ ብቻ አይደለምና። ለሻጩ «ለልጄ ጌም የሚጫወትበት እፈልጋለሁ» አልኩት። እሱም አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ አንሥቶ ጣቱን ተለጣፊው ላይ አሳረፈና «ኮር አይ 7 ነው! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። አይ 7 የሚለውን ስም እኔም ሰምቻለሁ። በሠርጉም በለቅሶውም ሰው ስለ ኮምፒዩተር ሲያወራ የሚጠራው እሱኑ ነው። ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ደርሰን የእግር ኳሱ ጌም ሲከፈት ልጄ ቁልፉን ይጫናል፣ ተጫዋቹ ቆይቶ ይመታል፣ ኳሷም እንደ ፎቶግራፍ እየቆመች ትሄዳለች። በማግሥቱ ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት ወገናችን ከፍቶ አየውና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የቢሮ ዕቃ ነው። አይ 7 መሆኑ እውነት ነው፤ ግን 7500ዩ ነው። ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ግራፊክስ ካርድም የለውም» አለኝ።

በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነበር። ሆኖም ይህን የምጽፈው በራሴ ለማዘን አይደለም። ከዚያ ወዲህ ብጠይቅ ብዙ ወገኖቼ በዚሁ ገደል ገብተዋል። አሁንም እየገቡ ነው። ስለዚህ ሳልለሳልስ እናገራለሁ፦ ገንዘቡ የተቆጠረ ሰው ለጌም ላፕቶፕ ሲገዛ በፕሮሰሰር ስም ላይ ገንዘብ ማፍሰሱ ስህተት ነው። መካከለኛ ፕሮሰሰር ይበቃል። የተረፈው ገንዘብ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይሂድ።

እዚህ ላይ «ድሮስ ጌም ምን ያደርግለታል? መጽሐፍ አይገዛለትም?» የሚሉ ሽማግሌዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አከብራቸዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። እዚህ ከመሸ በኋላ ልጃችሁን ወደ ውጭ ትልኩታላችሁ? እኛ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመን ስንሸጥ ልጆቻችን ከፍርግርጉ ጀርባ ያድጋሉ። የኔ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ጓደኞቹን የሚያገኘው፣ ከአክስቱ ልጆችም ጋር የሚሳሳቀው በዚያ ጌም ነው። ደግሞም ጌም በደንብ የሚያጫውት ማሽን የትምህርት ቤቱንም ሥራ፣ ሥዕሉንም፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፉንም በደንብ ይሠራል። ስለዚህ ክርክሩ ይገዛ ወይስ አይገዛ አይደለም፤ መግዛታችን ካልቀረ እንዴት እንግዛ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጌም ማለት ተከታታይ ሥዕል ነው። ለዓይን ለስላሳ ሆኖ እንዲታይ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 60 ያህል ሥዕል መውጣት አለበት። ይህም ማለት ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ ከ17 ሺኛ ሴኮንድ አይበልጥም። በዚያች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ ኳሷ የት እንዳለች፣ ማን ወደየት እንደሮጠ፣ ምን ከምን ጋር እንደተጋጨ ያሰላና «ይህን ሣል» ብሎ ያዛል። ሣዩ ግራፊክስ ካርዱ ነው። የተለመደው የላፕቶፕ መስኮት በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። ያን በሴኮንድ 60 ጊዜ መቀባት ማለት ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥብ በየሴኮንዱ ቀለም ማስያዝ ነው። በአብዛኞቹ ጌሞች ከባዱ ሸክም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ገበሬ ያሳደገው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ የእርሻው ፍጥነት የሚለካው በደካማው ነው። ከስንጋው ጎን ጥጃ ብትጠምዱ ስንጋው የሚሄደው በጥጃው እርምጃ ነው። ግዙፍ ፕሮሰሰር ከደካማ ግራፊክስ ጋር መግዛት ይኸው ነው፤ ፕሮሰሰሩ ትዕዛዙን ሰጥቶ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ለዚያ መጠበቂያ ነው እንግዲህ ገንዘባችሁን የከፈላችሁት።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። ኢንቴል ኮር አይ 7 የሚለውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ አይ 5 በ2009፣ አይ 3 ደግሞ በ2010 ተከተሉ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዚህ ስም የተሸጠው ዕቃ ብዙ ትውልድ ተፈራርቆበታል። ስለዚህ አይ 7 የአንድ ዕቃ ስም አይደለም፤ ማዕረግ ነው። የድሮ ሻለቃና የዛሬ ሻለቃ በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ ጉልበት የላቸውም። እኔ የገዛሁት 7500ዩ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሰባተኛ ትውልድ ነው። የዚያ ጊዜ ቀጫጭን ላፕቶፖች አይ 7 ቢባሉም ሁለት ኮር ብቻ ነበራቸው። በ2017 ኤኤምዲ ራይዘን የተባለውን ፕሮሰሰር ለጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ይዞ ብቅ አለ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ 8250ዩ፣ ማዕረጉ አይ 5 ሆኖ ሳለ፣ አራት ኮር ይዞ መጣ። ታናሹ ታላቁን በአንድ ዓመት ውስጥ በለጠው ማለት ነው። ተለጣፊው ግን ይህን አይናገርም።

ሌላም አለ። ከቁጥሩ በኋላ ያለችው ፊደል ከቁጥሩ ፊት ካለው ማዕረግ ይልቅ ብዙ ትናገራለች። ዩ የምትለዋ ፊደል ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ የተሠራ፣ በመደበኛ ልኩ 15 ዋት ያህል የሚበላ ማለት ነው። ኤች የምትለዋ ደግሞ 45 ዋት ያህል የሚበላ፣ ለከባድ ሥራ የተሠራ ማለት ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። አይ 7 1255ዩ አሥር ኮር አለው፤ አይ 5 12450ኤች ስምንት ኮር አለው። ቆጥሮ የሚገዛ ሰው አሥሩን ያነሣል። ነገር ግን ከአሥሩ መካከል ጉልበተኞቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስምንቱ ለቀላል ሥራ የተመደቡ ትናንሽ ናቸው። ከስምንቱ ውስጥ ግን አራቱ ጉልበተኞች ናቸው። ሁለቱም የአሥራ ሁለተኛ ትውልድ ልጆች ናቸው። ጌም ለመጫወት እኔ ያለ ምንም ማመንታት አይ 5 የተባለውን እወስዳለሁ።

ኤኤምዲንም ነፃ አላወጣውም። ራይዘን 5 7520ዩ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ስሙ አዲስ ነበር፤ የውስጡ አሠራር ግን ዜን 2 የሚባለው፣ በ2019 የተዋወቀው ነው። ኮሩም አራት ብቻ ነው። በዚህ በ7000ዎቹ ተከታታይ ውስጥ እውነቱን የምትናገረው ሦስተኛዋ አኃዝ ናት፤ 7520 ላይ 2 ትላለች፣ 7535 ላይ 3 ትላለች፣ 7640 ላይ 4 ትላለች። የመጀመሪያዋን 7 አይቶ የሚገዛ ሰው የቤቱን ቀለም አይቶ መሠረቱን እንደማያይ ነው። ኢንቴልም በ2023 አይ የምትለዋን ፊደል ጥሎ ኮር አልትራ የሚል አዲስ ስም አመጣ። ስሙ ይለወጣል፤ የእኛ አገዛዝ ግን አልተለወጠም።

ታዲያ ምን እንግዛ? ለምሳሌ 15 ሺህ ራንድ አለን እንበል። ሻጩ ሁለት ላፕቶፖች አቀረበ፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። አንደኛው አይ 7 ሆኖ ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ወይም ደከም ያለው አርቲኤክስ 2050 አለው። ሁለተኛው አይ 5 12450ኤች፣ ወይም ስድስት ኮር ያለው ራይዘን 5 5600ኤች ወይም 7535ኤችኤስ ሆኖ ከአርቲኤክስ 3050 ወይም ከዚያ ከሚሻለው ከ4050 ጋር የተጠመደ ነው። ሁለተኛውን ውሰዱ። ሻጩ ቢስቅባችሁም ውሰዱ። ከስድስት እስከ ስምንት ኮር፣ ኤች የምትል ፊደል፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የወጣ ከሆነ፣ የእናንተ ልጅ ለሚጫወታቸው አብዛኞቹ ጌሞች ፕሮሰሰሩ ማነቆ አይሆንም።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ጠንካራ መቃወሚያ አልሸሽም። «በላፕቶፕ ፕሮሰሰር ኋላ አይቀየርም፤ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ስለዚህ ከመነሻው ትልቁን መግዛት ብልህነት ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ፕሮሰሰሩ የተበየደ ነው። ግን ግራፊክስ ካርዱም እንዲሁ የተበየደ መሆኑን ለምን አይነግሯችሁም? ሁለቱም የማይቀየሩ ከሆነ ቶሎ የሚያረጅባችሁን ማጠንከር ነው ብልህነቱ። ለጌም ቶሎ የሚያንሰው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱና በላዩ ያለው ማስታወሻ ነው። 4 ጊጋባይት ያለው 3050 ዛሬ ከተጨናነቀ ባለ 6 ጊጋባይቱ 4050 ገና ይተነፍሳል። በብዙ የጌም ላፕቶፖች ላይ ኋላ ሊቀየር የሚችለው ራምና የዕቃ ማስቀመጫው ዲስክ ነው። ስለዚህ እቁባችሁ ካልሞላ በ8 ጊጋባይት ራም ጀምሩና በሚቀጥለው ዕጣ ሌላ 8 ጨምሩበት። ሁለት ሆኖ መጠመዱ ፍጥነትም ይጨምራል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ባዶ የራም ቦታ እንዳለው አረጋግጡ።

ሙቀትንም አትርሱ። በላፕቶፕ ውስጥ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ብዙውን ጊዜ የሚቀዘቅዙት በአንድ ማራገቢያና በአንድ የመዳብ ቱቦ ነው። በርካሽ ቀፎ ውስጥ ትልቅ ፕሮሰሰር ሲከተት ሁለቱም ይግላሉ፤ ሲግሉም ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። የከፈላችሁበት ጉልበት በሙቀት መልክ በጎን በኩል ይወጣል ማለት ነው። በተጨማሪም አንድ ስም ያለው ግራፊክስ ካርድ ሁሉ እኩል አይደለም። አርቲኤክስ 3050 እንደ አምራቹ ፍላጎት ከ35 እስከ 80 ዋት ሊመደብለት ይችላል። ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ቻርጀሩን ገልብጦ ማየት ነው። ቻርጀሩ ላይ 65 ዋት ተጽፎ «የጌም ላፕቶፕ ነው» ከተባላችሁ ተጠራጠሩ፤ የእውነተኛው ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ከ120 ዋት በላይ ነው። በሬ የሚያርሰው በበላው ልክ ነው።

ትክክለኛነትን ለማክበር ያህል፣ ፕሮሰሰር የሚገንበት ቦታም አለ። ብዙ ሠራዊትና ከተማ የሚያስተዳድሩ የስትራቴጂ ጌሞች፣ እንዲሁም ፊልም መቁረጥና መቀጠል ፕሮሰሰሩን አብዝተው ያሠራሉ። የሠርግ ቪዲዮ እየሠራ እንጀራውን የሚያገኝ ወገናችን ይህን ጽሑፍ ለራሱ አይውሰደው። በአንጻሩ ከሩቅ ሰው ጋር ሲጫወቱ የሚቆራረጠው በኔትወርኩ ምክንያት ከሆነ የትኛውም ፕሮሰሰር አያድንም።

ያገለገለ ዕቃ ለምትገዙ አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። እንግዲህ ሰባተኛ ትውልድና ከዚያ በፊት ያለ አይ 7 በስሙ ሲሸጥላችሁ፣ ሻጩ ከመጋዘኑ የሚያራግፈውን ሸክም እናንተ እየተሸከማችሁ ነው።

ስለ ሕግም ላንሣ፤ እኔ ባለማወቄ የተጎዳሁት በዚህ ጭምር ነውና። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣችው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ለእኛም ይሠራል። ጉድለት ያለበት ዕቃ በተረከባችሁ በስድስት ወር ውስጥ ብትመልሱ ይጠገንልኝ፣ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ የማለት መብት አላችሁ። ከዚህም በላይ፣ ዕቃውን ለምን እንደምትፈልጉት ለሻጩ በግልጽ ከነገራችሁት፣ ዕቃው ለዚያ ሥራ በአግባቡ የሚሆን መሆን እንዳለበት ሕጉ ይደነግጋል። እኔ «ለጌም ነው» ብዬ ነበር፤ ግን የተናገርኩት በአፌ ነው፣ ምስክርም የለኝም። ተመልሼ ብሄድ ሻጩ «አይ 7 አልክ፣ አይ 7 ሰጠሁህ» አለኝ። እናንተ ግን ደረሰኙ ላይ «ለጌም» ተብሎ፣ የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ሙሉ ስም ከነቁጥሩ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። አልጽፍም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሱቅ ውስጥ ስትቆሙም አትፈሩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር የሚባለው ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትነኩ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የኮሩ ብዛት፣ የራሙ መጠንና የግራፊክስ ካርዱ ስም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በግ ስንገዛ ጥርሱን ገልጠን፣ ወገቡን ዳብሰን አይደለም እንዴ? የአሥር ወር እቁብ ስናወጣ በተለጣፊ እናምናለን!

ወገኖቼ፣ እውነቱን እንነጋገር። የሚያታልለን ሻጩ ብቻ አይደለም። እኛው ራሳችን እርስ በርሳችን እንታለላለን። ጂፒ ወርደን ዕቃ ስናመጣ የዳቦውንም የሳሙናውንም ዋጋ በሳንቲም የምንከራከር ሰዎች፣ ላፕቶፕ ላይ ስንደርስ «የእገሌ ልጅ አይ 7 አለው፣ የኔ ልጅ በምን ያንሳል?» እንላለን። ከአገር ቤት ወንድማችን ደውሎ «አይ 7 ካልሆነ አትላክ» ይላል፤ ለምን ሥራ እንደሚፈልገው ግን አንጠይቀውም፣ እሱም አይነግረንም። ይሉኝታ በራንድ ሲቆጠር ስንት እንደሚያወጣ እኔ አሁን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የስፓዛ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ ይመዝገቡ ሲባል፣ ቀኑም በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ ሲራዘም፣ ስንቶቻችን ነበርን ሱቃችን ነገ ይከፈታል ወይስ ይዘጋል እያልን ያደርነው? እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ የተገኘ ገንዘብ ለስም አይከፈልም።

ስለ ልጄ ሳልነግራችሁ ብዘጋው አግባብ አይሆንም። ያ አይ 7 ዛሬ የሱቃችንን ሂሳብ ይመዘግባል፤ ለዚያ ሥራ ይበቃል። ልጄ ቀጣዩን ዕጣ እስኪደርሰን ጠበቀ። በሁለተኛው ጊዜ ይዤው ሄድኩ፤ ሦስቱን ቁልፎች የተጫነው እሱ ነው። አይ 5 መረጠ። ሻጩ «አይ 7 እኮ አለኝ» ሲለው ልጄ ቻርጀሩን ገልብጦ አየና «እሱ ይቅርብኝ» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ለካስ መጀመሪያም ልጁን ብጠይቀው ኖሮ ያውቅ ነበር፤ ሳልጠይቀው የገዛሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ልጆቻችሁን ጠይቁ፣ ቁጥሩን አንብቡ፣ ፊደሏን እዩ፣ ግራፊክሱን አስቀድሙ፣ ደረሰኙን አስጽፉ። ተለጣፊውን ደግሞ ለሻጩ ተዉለት።

ቸር ይግጠመን።